ለአክስቴ ዜሮ የሰጠው ምድጃ

ባለፈው ቅዳሜ በከተማችን ፒያሳ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገብተን ለአዲሱ ቤታችን ምድጃ እንመርጥ ነበር። ጠያቂዋ እኔ ነኝ፤ ሻጩ ግን የሚመልሰው ለባለቤቴ ነው። ባለቤቴ እንቁላል ሲቀቅል እንኳ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ደውሎ የሚጠይቀኝ ሰው ነው። እኔ መብራት ሲዋዥቅ ይቋቋም እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ሻጩ ወደ ባሌ ዞሮ ስለ መብራት መዋዠቅ ያስረዳል። እኔ ትልቅ ድስት ይሸከም እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ሻጩ የባሌን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ስለ ትልቅ ድስት ያጫውተዋል። ይህን እንኳ ታግሼ ነበር። ከዚያ በእጄ የያዝኩትን ፌስታል አየና፣ "እህቴ፣ ድስቱን በር ላይ ብታስቀምጪው ጥሩ ነው፤ መስታወቱን ይጭርብናል" አለኝ።

ደሜ ፈላ። ከፌስታሉ አፍ የሸክላው ሽታ ይመጣል፤ ስንት ዓመት ጢስና ቅቤ የጠጣ ሸክላ ቢታጠብም ሽታው አይለቀውም። እዚያው ቆሜ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሆንኩ። ያው ፒያሳ፣ ያው የመስታወት በር፣ ያው ቃል። ሰው በዚህ ሁሉ ዓመት እንዴት አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አያሻሽልም?

እናቴ ለትምህርት አዲስ አበባ የሄደችበት ዓመት ነበር። እኔንና ታናሽ ወንድሜን እንዲጠብቁ አክስቴ ዱካሌ ከለኩ ከተማ መጡ። አክስቴ የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው አባዬን ገና ጡት ሳይጥል ትታው ስለሞተች አዝለው ያሳደጉት፣ ላም አልበው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አባዬ ቢሮው ውስጥ ብዙ ሰው የሚያዝ ሰው ነው፤ እሳቸው ወደ ሳሎን ሲገቡ ግን ከወንበሩ ይነሳል። "እርስዎ" ይላቸዋል። እኛም እንደዚያው።

ሲመጡ የያዙት አንድ ፌስታል ልብስና በነጠላ የተጠቀለለ አንድ የሸክላ ድስት ነበር። ድስቱ ሆዱ ሰፊ፣ ቂጡ ጥቁር፣ አንድ ጆሮው የተሸረፈ ነው። "ይሄ ከአባትሽ ጋር እኩያ ነው" አሉኝ። እኔ እኩያ ሲሉ አብረው የተወለዱ መሰለኝ። ብዙ ጊዜ አባዬን በጎን እያየሁ ከድስቱ ጋር የሚመሳሰልበትን ቦታ ፈልጌያለሁ፤ ሆዱ ላይ ትንሽ አግኝቼም ነበር።

ቤታችን መናኸሪያ አካባቢ ነው። በዚያ ዓመት አባዬ ቤቱን አሳድሶ ከሳሎኑ ጎን ኩሽና አሠራ። ነጭ ሴራሚክ፣ ነጭ ቁም ሳጥን፣ የሚያብረቀርቅ ቧንቧ። ግቢ ውስጥ ያለው የጭቃ ማድ ቤት ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ይሆናል ተባለ፤ መኪና አልነበረንም። የቀረው ምድጃ ብቻ ነበር። እሱንም ልንመርጥ አንድ ከሰዓት በኋላ አራታችንም ባጃጅ ተሳፍረን ፒያሳ ወረድን። አክስቴ ድስታቸውን ይዘው ነበር። አባዬ ለምን እንደያዙት ሲጠይቃቸው፣ ለጫማ እግር ይለካል፣ ለምድጃ ደግሞ ድስት ይለካል አሉት። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ የምድጃ አመራረጥ ምክር አልሰማሁም።

ሻጩ ቀጭን ክራባት ያሰረ ሰው ነበር። በሩ ላይ አስቆማቸውና፣ "እናቴ፣ እሱን ውጭ ያስቀምጡት፤ መስታወቱን ይጭራል" አላቸው። አክስቴ ድስታቸውን መንገድ ላይ ጥለው የሚገቡ ሴት አይደሉም። ውጭ ቀሩ። አባዬ "ይግቡ እንጂ" እንኳ አላለም፤ ዓይኑ ሁሉ ውስጥ ነበር። ለሁለቱ መልእክተኛ የሆንኩት እኔ ነኝ። አክስቴ በሩ ላይ ቆመው ይጠይቃሉ፣ እኔ ሮጬ አደርሳለሁ፣ ሻጩ ለአባዬ ይመልሳል።

አራት ዓይነት ምድጃ ነበር። ሽቦው የሚታይ፣ ሽቦው በብረት ሰሌዳ የተሸፈነ፣ በሲሊንደር ጋዝ የሚነድ፣ አራተኛው ደግሞ ጠፍጣፋ ጥቁር መስታወት። ሻጩ የመጀመሪያውን "ያረጀ ሞዴል" አለው፣ ሁለተኛውን ቆጣሪ የሚበላ አለው፣ ጋዙን ሲነካው እንኳ ፊቱን አዞረ። መስታወቱ ላይ ግን በውሃ የተሞላ የራሱን ድስት አስቀመጠ። ውሃው ፈላ። የአባዬን እጅ ይዞ ከድስቱ ጎን መስታወቱ ላይ አሳረፈው። አልተቃጠለም። እኔ በሰንበት ትምህርት ቤት እቶን እሳት ውስጥ ተጥለው ያልተቃጠሉትን ሦስት ወጣቶች የተማርኩት በዚያው ወር ነው። እቶኑ ይሄ ነበር ማለት ነው ብዬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አባዬም አፉን ከፍቶ ነበር።

ሮጬ ለአክስቴ ነገርኳቸው። ተአምሩን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው፣ "ድስቴን ይቀበላል ወይ በይው" አሉኝ።

ጠየቅሁት። ሻጩ ዞር ሳይል፣ "ማንኛውንም ድስት" አለ።

ማንኛውንም ድስት። ይህን ቃል ዛሬም ሳስታውሰው ቆሽቴ ያርራል። ድስቱ ከእሱ ስድስት እርምጃ ርቆ፣ በሩ ላይ፣ በአንዲት አሮጊት እቅፍ ውስጥ ነበር። አስገብቶ መስታወቱ ላይ ቢያስቀምጠው አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

አባዬ ያን መስታወት ገዛው። በሚቀጥለው እሑድ ለታደሰው ቤት የምስጋና ጸሎት ተደረገ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምእመናኑም የአባዬ የሥራ ባልደረቦችም መጡ፤ ሳሎኑ ሞልቶ ሰው በረንዳ ላይ ተቀመጠ። የጸሎት መሪው ሽማግሌ ለግድግዳው፣ ለጣሪያው፣ ለምድጃው ሳይቀር ጸለዩ። አክስቴ ጠዋት ከከተማችን ሐይቅ ዳር ያስመጡትን ዓሣ በድስታቸው አሰናድተው፣ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ምድጃው አጠገብ ቆመው ነበር። አባዬ እንግዶቹን ኩሽናው በር ላይ ሰብስቦ እሳት ስለሌለው ምድጃ አስረዳ። ሻጩ ያለውን ቃል በቃል ነበር የሚለው።

አክስቴ ድስቱን መስታወቱ ላይ አስቀመጡ። አባዬ ቁልፉን ነካ። ምድጃው ጲጵ፣ ጲጵ፣ ጲጵ አለና ጥቁሩ መስታወት ላይ በቀይ መብራት የእንግሊዝኛው "ኢ"ና አጠገቧ ዜሮ በሩ። አክስቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ወደ እኔ ዞሩና ምን እንደሚል ጠየቁኝ። እኔ የክፍሌ ጎበዝ ነበርኩ። በዚያ ሳምንት የእንግሊዝኛ ፈተና ተመልሶልን "ኤግዛም" የሚለው ቃል በ"ኢ" እንደሚጀምር አውቄ ነበር። ኢ፣ ዜሮ። ኤግዛም፣ ዜሮ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አልነበረም።

"ዜሮ አገኙ አክስቴ" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

ሳቁ። ቤቱን የሞላው ሰው፣ የጸለየውም ያልጸለየውም፣ ሳቀ። አክስቴ ፈገግ ብለው ወለሉን አዩ። አባዬ ፊቱ ቀልቶ ወደ ሻጩ ደወለ። ሻጩም በስልክ ሸክላ እንዴት ይሆናል፣ ብረት ድስት አድርጉ እንጂ አለው። አሁን ማንኛውም ድስት ብረት ድስት ሆነ። አክስቴ ዓሣውን እየተሰባበረባቸው ወደ ብረት ድስት ገለበጡት። እናንተም ቤት ያለው፣ ነጩ፣ ቀላሉ፣ ሁላችንም ብረት ድስት የምንለው ማለት ነው። አባዬ ቁልፉን ነካ። ጲጵ፣ ጲጵ፣ ጲጵ። ኢ፣ ዜሮ።

አባዬ ያን ጊዜ ወደ እንግዶቹ ዞሮ የተናገረው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

"ኤሌክትሪክ አልለመደችም፤ ነካክታ አበላሽታዋለች" አለ።

አልለመደችም። አበላሽታዋለች። ዕድሜ ልኩን "እርስዎ" ይላቸው የነበረው ሰው በሰው ፊት "እሷ" አላቸው። ያን ዕለት ነገሩ በሙሉ አልገባኝም፤ ግን አንድ ሰው ከወንበሩ ሲነሳ ኖሮ በድንገት እንደተቀመጠ ያህል ተሰምቶኛል። ድስቱን ይዘው ወደ ጭቃው ማድ ቤት ወጡ፣ ከሰል አቀጣጠሉ፣ ዓሣውን አብስለው አቀረቡ። እነዚያው የሳቁት ሰዎች ሳህናቸውን በእንጀራ ጠርገው ሁለት ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። በልተው ሲወጡም በሩ ላይ "የዜሮዋን ወጥ በላን" የሚል ቀልድ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀኖች ሳስታውስ በራሴም እናደዳለሁ። አባዬ ቢሮ እንደወጣ አክስቴ ድስታቸውን በአመድ ፈትገው አጥበው፣ ቂጡን በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው፣ በሲዳምኛ ድምፅ ሳያሰሙ ጸልየው መስታወቱ ላይ ያስቀምጡታል። ያን የመሰለ የለኩ ሴት፣ ጎረቤት ሲጣላ ይምጡ ተብለው የሚጠሩ ሴት፣ እንደ ተማሪ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ። ከዚያ እኔን ይጠሩኛል።

"ዛሬስ ስንት ሰጠኝ?"

"ዜሮ" እላለሁ፣ እንደማላዝንላቸው ሁሉ። እኔ እንደመሰለኝ ፈተናው ቀን በቀን የሚደገም ነበርና ማስጠናት ጀመርኩ። አስተማሪያችን ስም ያልተጻፈበት ወረቀት ዜሮ ነው ይሉን ነበር፤ ድስቱ ደግሞ ስም የለውም። ሚስማር አምጥቼ ቂጡ ላይ "ዱካሌ" ብዬ ጭሬ ጻፍኩ። አክስቴ በጣታቸው ፊደሎቹን እየዳሰሱ የትኛው ዱ፣ የትኛው ካ እንደሆነ አስነገሩኝ። በማግስቱ በትልቅ ተስፋ አስቀመጥነው። ዜሮ።

ማታ ማታ አባዬን አያናግሩትም። ሰላምታ ይሰጡታል፣ ራቱን ያቀርቡለታል፣ ሌላ ነገር የለም። እሱም እቃውን ስላበላሹ አፍረው ነው ይላል።

እውነቱን ያወጡት እትዬ ዘይነባ ናቸው። እትዬ ዘይነባ ጎረቤታችን ነበሩ፤ የስልጤ ሰው ናቸው፣ ገበያ ውስጥ የቤት ዕቃ ይሸጣሉ። አንድ ቀን ለሰላምታ ገብተው ጲጵታውን ሰሙ። ነገሩን ከአክስቴ አዳምጠው ሲጨርሱ ሱቃቸው ሄደው ከተሰበረ የራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ጥቁር ማግኔት ይዘው ተመለሱ። ይህ ምድጃ የሚያውቀው ማግኔት የሚይዘውን ብቻ ነው አሉና ሸክላው ላይ ለጠፉት። ወደቀ። ብረት ድስቱ ላይ ለጠፉት። እሱም ወደቀ።

"ይሄ ስሙ ነው እንጂ ብረት፣ ራሱ አሉሚኒየም ነው" አሉ።

ማግኔቱን ተቀብዬ ቤቱን አዳረስኩት። ድስት፣ መጥበሻ፣ ጀበና፣ ትሪ፤ አንዱንም አልያዘም። አልጋ ሥር ስገባ ግን ማግኔቱ ከእጄ አምልጦ ጧ ብሎ ተለጠፈ፤ የታናሽ ወንድሜ ሰማያዊ ፖፖ ላይ። የድሮ የብረት ፖፖ ነበር። ማንንም ሳላማክር አጥቤው ውሃ ጨምሬ ምድጃው ላይ አስቀመጥኩት። አልጮኸም። ዜሮም አላለም። ወዲያው ይፍለቀለቅ ጀመር። እትዬ ዘይነባ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ፤ አክስቴም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

"እኔን ጠልቶ ፖፖ ወደደ" አሉ።

አባዬ የገባው በዚህ ሰዓት ነው። ዘመናዊ ኩሽናው ውስጥ ፖፖ ሲፈላ አየ። ጆሮዬን ቆንጥጦ ካስለቀሰኝ በኋላ እትዬ ዘይነባ በትዕግሥት አስረዱት፤ እሱ ግን መስማት የፈለገ ሰው አይመስልም ነበር። ምድጃው ደህና ከሆነ ያበላሸው የለም ማለት ነዋ። ያበላሸ ከሌለ ደግሞ እሑድ ዕለት የተናገረው ምን ሊሆን ነው? ጫማውን ሳያወልቅ ተመልሶ ወጣ። የገበያ ሴት ከምታስረዳው ክራባት ያሰረው ቢያስረዳው መረጠ።

ሻጩም አላሳፈረውም። ፊት የሚያሳዩ ሦስት አብረቅራቂ ድስቶች ሸጠለት፤ "የማይዝግ ብረት" ናቸው ብሎ። አባዬ ትልቁን ራሱ ውሃ ሞልቶ ራሱ አስቀመጠው። አክስቴ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። እኔ ማግኔቱን ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር፤ ሳያየኝ ሁለተኛው ድስት ላይ ሞከርኩት። ወደቀ። እንግዲህ የሚሆነውን አውቄ ዝም አልኩ፤ ጆሮዬ ገና ያመኝ ነበር።

ጲጵ፣ ጲጵ፣ ጲጵ።

አባዬ መስታወቱን ለረጅም ጊዜ አየው። ምን እንደሚል አልጠየቀኝም፤ እሱ ማንበብ ይችላል። ከዚያ ዞሮ፣ "እኔንም ዜሮ ሰጠኝ፤ እርስዎ ምንም አላጠፉም" አላቸው። "እርስዎ" ተመለሰች። ለእኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ደስ አለኝ። አክስቴ ግን አላለቀላቸውም።

"ያን ዕለት የሳቁት ሰዎች የታሉ?" አሉት።

አክስቴ ቀስ ብለው ቀጠሉ፤ ዜሮው የተሰጠኝ በሰው ፊት ነው፣ የሚነሳውም በሰው ፊት ነው አሉ። እኛ ሲዳማዎች ዘንድ ሀላሌ የሚባል ነገር አለ፤ እውነት ማለት ነው፣ ግን ሸንጎ ላይ ወጥታ ካልተነገረች እንደ ተቀበረች የምትቆጠር እውነት ናት። አባዬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ እሳቸው ናቸው ያሳደጉት። አንድ እሑድ ሰዎቹን እንጠራለን አለ። አንድ እሑድ አለፈ። ሌላም አለፈ። ሰው ጠርቶ የፖፖና የማግኔት ነገር ከሚናገር ምድጃውን በዳንቴል ሸፍኖ ማስቀመጡ ቀለለው። የጭቃው ማድ ቤትም ሳይፈርስ ቀረ፤ ምክንያቱን ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አልተናገረም።

እናቴ ለዕረፍት በመጣች በሦስተኛው ቀን አክስቴ ወደ ለኩ ተነሱ። መናኸሪያ ድረስ ድስቱን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። የሚኒባሱ ረዳት አየኝና ዕቃ ጣሪያ ላይ ነው አለ። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ ትልቅ ሰው አልናገርም ነበር። ያን ጊዜ ግን ድስቱን አጥብቄ ይዤ፣ "አይወጣም፤ ይዘውት ይቀመጣሉ" አልኩት። ድምፄ ለራሴም አስደነገጠኝ። አክስቴ ከመስኮቱ ሆነው አገጬን ያዙና ዛሬ አሥር ከአሥር አገኘሽ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ለኩ እየሄድን እንጠይቃቸዋለን እንጂ እሳቸው ያን ኩሽና አልረገጡም።

ድስቱን ለሠርጌ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እጄ ደክሟልና አሁን አንቺ ያዥው አሉኝ። እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ላይ ያ ሻጭ በር ላይ አስቀምጪው ሲለኝ በፌስታሉ ውስጥ የነበረው እሱ ነው።

በር ላይ አላስቀመጥኩትም። ፌስታሉን ፈትቼ፣ ድስቱን አውጥቼ፣ ጥቁሩ መስታወት መሃል ላይ አሳረፍኩትና ቁልፉን ነካሁ። ጲጵ፣ ጲጵ፣ ጲጵ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ዞር አሉ። ኢ፣ ዜሮ። በዚህ ሁሉ ዓመት ትርጉሙን ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ መጠየቅ ያስፈራኝ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ምን ማለት እንደሆነ ሻጩን ጠየቅሁት። ወደ ባሌ ሊዞር ሲል፣ የጠየቅሁህ እኔ ነኝ፣ ለእኔ ንገረኝ አልኩት። የመመሪያውን ወረቀት ገለጠ።

"ድስት አይታየኝም ማለት ነው" አለ።

ጮክ ብለህ በለው አልኩት። ግራ ገብቶት ባሌን አየ፤ ባሌ ይህን ታሪክ ያውቃልና እሺ በላት አለው። ሻጩ ጮክ ብሎ ደገመው፤ ሰው ሁሉ ሰማ። ድስቱን ገልብጬ ቂጡ ላይ በሚስማር የተጫረውን ስም አሳየኋቸውና የእኝህን ሴት ጉዳይ ባጭሩ ነገርኳቸው። አንዲት እናት ከንፈራቸውን መጠጡ። ሻጩ ወለሉን አየ። ሽቦው የሚታየውን፣ ያረጀ ሞዴል የሚሉትን፣ ድስቴን የሚቀበለውን ምድጃ ገዝተን ወጣን።

ያን እሑድ የሳቁት ሰዎች አሁን የት እንዳሉ አላውቅም፤ ግማሾቹ ከተማ ለቀዋል፣ ግማሾቹ አርፈዋል። አባዬም ሳይጠራቸው አርጅቷል። ግን ያን ዕለት ለአክስቴ ዓይን የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ያነበብኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ በሰው ፊት ያነበብኩትን ሰው በሚያነበው ወረቀት ላይ አርሜያለሁ። አክስቴ ዱካሌ ዜሮ አላገኙም። ድስታቸው እስከ አፉ ሞልቶ ፊቱ ተቀምጦ፣ አይታየኝም ያለው ምድጃው ነው።